ምጥ ላይ ያለች ሴት አንድ ሰው አብሯት እንዲገባ ጥናት ይዤ ጠየቅኩ፣ «የፈረንጅ ነው» ተባልኩ። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

አዋላጅ_ከአራብሳ_ወዲያ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ። ከአራት ወር በፊት የእናቶችና ሕፃናት ክፍል አስተባባሪ አድርገውኛል። ጤና ጣቢያችን በከተማው ምስራቅ ጫፍ ነው፣ ከአራብሳ ኮንዶሚኒየም አልፎ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት አካባቢ። ስሙን አልጠራም። ሁለት የማዋለጃ አልጋ አለን። ስምንት አዋላጆች ነን፣ ሌሊት ሁለት ሁለት እየሆንን እንገባለን፤ አንዷ ስታዋልድ ሌላዋ ምጥ ላይ ያሉትን ሁሉ ታያለች ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ምጥ ላይ ነበረች፣ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ በዝናብ ጋቢ ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። ጥበቃው «ደንብ ነው» ብሎ አላስገባቸውም። እሱ ጥፋት የለበትም፣ ደንቡን ያወጣነው እኛ ነን። ልጅቷ «እናቴን አስገቡልኝ» እያለች ትጮሃለች፣ እኔ ደግሞ አጠገቧ ያለችው ወላድ ደም ስለበዛባት እጇን ልይዝላት እንኳን አልቻልኩም። በሰላም ወለደች፣ ሕፃኑም ደህና ነው። ጠዋት ልትወጣ ስትል ግን «አንድ ጊዜ እናቴን ብታስገቡልኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የምጥና የወሊድ እንክብካቤ ምክረ ሐሳብ (በእኛ 2010 መሆኑ ነው) ሴቷ ራሷ የመረጠችው ሰው በምጥም በወሊድም ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የኮክሬን ግምገማም አገኘሁ (ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው)፣ ከ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶች ያሉበት። አጠገቧ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚደግፋት ሰው ያላት ሴት በምጥ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፣ ምጡም ያጥራል፣ ስለ ወሊዷ ክፉ ትዝታ ይዛ የመቅረቷ ነገር ይቀንሳል ይላል። ሁለቱንም አሳትሜ የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ አቀረብኩ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኃላፊያችን ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የእኛን ክፍል ስፋት አያውቅም» አለ። አንዷ ሲኒየራችን ደግሞ፣ በጣም የማከብራት ናት፣ «አስታማሚ ከገባ ይጨቃጨቃል፣ ቶሎ ሪፈር በሉልን ይላል፣ ደግሞ ጎን ያለችው ሴት ራቁቷን ናት» አለች። አጀንዳው በዚያው ታለፈ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጥናት ይዛችሁ ገብታችሁ ውሳኔ ያስቀየራችሁ ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት? ማንን ቀድማችሁ አናገራችሁ? ገና ሌላም አለ፣ ልጁ እንደወጣ እትብቱን ወዲያው መቁረጥ አለ፣ ደህና አድርጎ የሚያለቅሰውን ሕፃን ሳይቀር አፍና አፍንጫውን መምጠጥ አለ። በዚህኛው ካልተሳካልኝ ግን እነሱን ማንሳቱን ፈራሁ።


የቀድሞ_ሜትረን

የኔ ልጅ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ አሥራ አንዱን ዓመት በሜትረንነት፣ የነርሶች ኃላፊ ሆኜ ማለት ነው። ብዙ ሰው አስተባባሪ ሲሆን ሥራው ዲዩቲ መደልደልና ጓንት መጠየቅ ብቻ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ይዘሽ የገባሽው ወረቀት «ይጠቅማል ወይ?» ለሚል ሰው መልስ ነው። ኃላፊሽ ግን የጠየቀሽ «የት ትቆማለች?» ብሎ ነው። ሲኒየሯ የጠየቀችሽ «ሲጨቃጨቁኝ ማን አለልኝ?» ብላ ነው። ያልጠየቁሽን መለስሽላቸው፣ የጠየቁሽን ሳትመልሺ ቀረሽ። እነሱ ጥናት ጠልተው አይደለም።

እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ሁሉ ኤፒስዮቶሚ (ልጁ እንዲወጣ የብልትን በር በመቀስ መቁረጥ) ይሠራላት ነበር። ሁሉም! እንዲያ ነው የተማርነው፣ ያስተማሩንም ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ለሁሉም መቁረጥ እንደማይጠቅም አነበብኩና ስብሰባ ላይ ተናገርኩ፣ የሰማኝ የለም። ከዚያ የማዋለጃውን መዝገብ አወጣሁ። ሦስት ወር ወደ ኋላ ሄጄ በእስክሪብቶ፣ ተረኛ በተረኛ ቆጠርኩ። የማንንም ስም አልጻፍኩም፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ብቻ ለየሁ። ሆስፒታሉ ያው፣ እናቶቹ ያው፣ አንዱ ቡድን ግን ከሌላው እጥፍ ይቆርጥ ነበር። ስብሰባው ዝም አለ። በኋላ አንዷ «ታዲያ እምብዛም የማይቆርጡት ጋ ክፉኛ የተቀደደ ይበዛል?» አለች። ያንንም ቆጥሬ ነበር፣ አይበዛም። የጥናቱን ወረቀት ከቦርሳዬ ያወጣሁት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ለእጅ ተቀባብለው አነበቡት።

ስለዚህ አንቺም ቁጠሪ። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ስንት ሴት ሰው ይግባልኝ አለች? ስንቷ ምጥ ላይ እያለች ብቻዋን ተተወች? በስንተኛው ሌሊት ሁለቱም አልጋ በአንድ ጊዜ ተያዘ? ይሄ የመጨረሻው በተለይ ለኃላፊሽ ነው። ሁለቱ አልጋዎች አብረው የሚያዙት አልፎ አልፎ ከሆነ የቦታው ጉዳይ እሱ እንዳሰበው አይከብድም። ሁልጊዜ ከሆነ ደግሞ እሱ ትክክል ነው፣ መጀመሪያ መጋረጃ ያስፈልግሻል።

ሲኒየሯን ከስብሰባው በፊት ለብቻዋ አናግሪያት። ቡና አፍልታችሁ። አስታማሚ ተጨቃጭቋት ያውቃል፣ መቼ፣ ምን ሆኖ? እሱን አስነግሪያትና ዝም ብለሽ ስሚያት።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያመኛል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወለደው ከመቶ 26 ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰ። ትልቅ እርምጃ ነው። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት ግን ከ1,000 29 የነበሩት 33 ሆነው ነው የተገኙት፣ አልቀነሱም። ሴቶቹ ወደ እኛ መጡ፣ ከመጡ በኋላ የምናደርግላቸው ነገር ነው የቀረው። እሱ ደግሞ በአንቺ እጅ ነው የኔ ልጅ።


ክሊኒካል_ነርስ_ጀሞ

ሜትረን የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ብቻ ልናገር።

እህቴ፣ የኮክሬኑን ግምገማ ማጠቃለያውን ብቻ ነው ያነበብሽው ወይስ ሙሉውን? ስብሰባ ከመግባትሽ በፊት ሙሉውን አንብቢ፣ ምክንያቱም ኃላፊሽ «የፈረንጅ ነው» ሲል ግማሽ እውነት ተናግሯል። ጥናቶቹ የተሠሩት ከፍተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፣ ዝቅተኛ ገቢ ካለው አገር አንድም የለበትም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ማስረጃው ዝቅተኛ ጥራት አለው ብለዋል። ሐሰት ነው ማለት አይደለም። አጃቢ ያላትን ሴት እንደሌላት አስመስሎ መደበቅ ስለማይቻል ጥናቱ ከዚያ በላይ ጥብቅ ሆኖ ሊሠራ አይችልም፣ በጥናቶቹ መካከልም ልዩነት አለ። ይህን አንቺ ቀድመሽ ከተናገርሽ ማንም አይጥልሽም። ሌላ ሰው ስብሰባ ላይ ካነሳብሽ ግን የቀረውም አብሮ ይወድቃል።

ሌላው፣ ግምገማው ውስጥ ጎላ ብሎ የሚታየው በኦፕራሲዮን የሚወልዱት መቀነሳቸው ነው። እናንተ ጋ ኦፕራሲዮን አይሠራም፣ ሪፈር ነው የምትሉት፣ ስለዚህ ያ ቁጥር ለኃላፊሽ ብዙ አይነግረውም። ለእናንተ የሚሆነው ምጡ በአማካይ ወደ 40 ደቂቃ ማጠሩና ሴቷ ይዛው የምትሄደው ስሜት ነው። ሁለት አልጋ ላለው ቤት 40 ደቂቃ ቀላል አይደለም። ደጋፊው ማን እንደነበረም ተመልከቺ። በአንዳንዶቹ ጥናቶች የሆስፒታል ሠራተኛ ነው፣ በአንዳንዶቹ ሥልጠና ያገኘች ሴት፣ በሌሎቹ ቤተሰብ። አንቺ የምታስገቢው ቤተሰብ ስለሆነ እሱን ለይተሽ አንብቢ።

ከሁሉም በላይ ግን ይሄን ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዚያኛው ዋና አዘጋጅ ያለችበት ሌላ የኮክሬን ግምገማ ወጥቷል፣ 51 ጥናቶች ያሉት፣ ቁጥር ሳይሆን የሴቶችን፣ የአጃቢዎችንና የባለሙያዎችን ንግግር የሰበሰበ። እዚያ ውስጥ ባለሙያዎቹ ምን ይላሉ መሰለሽ? ክፍሉ ይጣበባል፣ የሌላዋ ገመና ይጋለጣል! ሲኒየርሽ የተናገረችው ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ ጥናት ውስጥ ተጽፏል። እሷን ስታናግሪያት ይህን አሳያት፣ ከጥናቱ ጋር እየተጣላች እንዳልሆነች ይግባት።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ፓርቶግራፉን (የቀድሞውን የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ) ይተካል ብሎ ያወጣውን አዲሱን የምጥ መከታተያ ቅጽም እዪው። በድጋፍ ክፍሉ የመጀመሪያው መስመር «አጃቢ አላት?» ነው የሚለው። «የለም» ተብሎ ከተሞላ እንደ ማስጠንቀቂያ ይከበባል፣ ልክ የደም ግፊቷ ከፍ እንዳለ ወይም የልጁ የልብ ምት እንደቀነሰ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳይ ነው ነገሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

የማንበቢያ ነገር ለጠየቁኝ፣ ሂናሪ የሚባለው የጤና ጥናቶች ማንበቢያ ድረ ገጽ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለአገራችን ተቋማት በነፃ ነው፣ በስልክም ይሠራል። ኮክሬንም ከኢትዮጵያ ሲገባ ሙሉው ይከፈታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ማዕከል አለ፣ እንዴት እንደሚነበብ መማር ለሚፈልግ ከአገር መውጣት አያስፈልግም።


እናት_ነኝ

ባለሙያ አይደለሁም፣ ነርስ እህቴ ናት ይህን ያሳየችኝ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት አንድ ጤና ጣቢያ ነው፣ ከተማው ዳር። ሠራተኞቹ ጥሩ ነበሩ፣ ከወለድኩ በኋላ ገንፎ አብልተውኛል፣ ቡናም ተፈልቶልኛል፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ስቃትት ከግድግዳው ሌላ የማየው አልነበረም። እናቴ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ድምፄን ትሰማለች። እስከዛሬ ስለዚያ ቀን ስታወራ ታለቅሳለች።

ስብሰባችሁ ላይ ከእኛ የጠየቀ አለ? ጥናቱም ኃላፊውም ይናገሩ፣ ግን ክትትል ከሚመጡት ሴቶች አምስቱን ብትጠይቁ ምን ይላችኋል? ሁሉም ሰው ይግባልኝ ላይሉ ይችላሉ። እኔ ለምሳሌ ባለቤቴ እንዲገባ አልፈልግም ነበር። እናቴን ግን አዎ።


ኃላፊ_አቃቂ_በኩል

እኔ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ፣ ሙያዬም ነርስ ነው። የዚህችን እህት ኃላፊ አላውቀውም ግን ወንበሩን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ሲጠፋ፣ አስታማሚ ሲወድቅ፣ ከጎን ያለችው ሴት ባል መጥቶ ሲጮህ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጥናቱ አብሮት አይጠየቅለትም። ስለዚህ «ይጠቅማል» ብላችሁ ስትመጡ በሆዱ የሚያስበው ቢበላሽ ምን ይውጠኛል የሚለውን ነው። እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ግን እኔም ያንኑ ቃል ከላይ ሰምቻለሁ። ነርስ እንዲጨመርልን ስጠይቅ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን ጥናት አያይዤ ነበር። አንድ ነርስ በምታያቸው ታካሚዎች ላይ አንድ ሰው ሲጨመር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታካሚ ሆስፒታል ከገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ይላል የሚለውን። ከበላዬ ያለው ቢሮ «አውሮፓ ነው» ብሎ መለሰልኝ። በጣም ተናደድኩ። ሳስበው ግን እኔም ያ 7 በመቶ የትልቅ ሆስፒታል ቁጥር መሆኑን እያወቅኩ ለጤና ጣቢያ እንዳለ ልገለብጠው ነበር። አቅጣጫውን ያሳያል፣ መጠኑን አይነግረኝም። በሚቀጥለው ዙር የራሳችንን የዲዩቲ ሰሌዳ አያይዤ፣ በየትኛው ቀን አንዲት ነርስ ብቻዋን ስንት ሰው እንዳየች ጽፌ ሄድኩ። አንድ ሰው ሰጡን። ሁለት ነበር የጠየቅኩት።

ከወሊድ በኋላ ስለሚፈሰው ደም የተሠራውንም አስታውሳችሁ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ፣ ከ200,000 በላይ ሴቶች ያሉበት። እሱን «የፈረንጅ ነው» ማለት አይቻልም። ባለሙያዎቹ የደም መፍሰስ አያያዝ ጠፍቷቸው አልነበረም። ደሙን በዓይን ይገምቱት ነበር፣ ያኔ ደም መፍሰስ ካጋጠማቸው ሴቶች በጊዜ ይደረስበት የነበረው ግማሹ አካባቢ ብቻ ነው። መለኪያ ያለው ፕላስቲክ ከሥር ሲነጠፍና ማህፀኑን ማሸቱ፣ ደም የሚያቆሙት መድኃኒቶች (ኦክሲቶሲኑና ትራኔክሳሚክ አሲዱ)፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ምርመራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጀመር ከመቶ 93ቱ ላይ ተደረሰ፣ ከባዱ መፍሰስና ተያይዞ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ በ60 በመቶ ቀነሰ። ይህ የመሪ ውሳኔ ነው። ዕቃው የት ይቀመጥ፣ ማን ይሙላው፣ ማን ይጥራ የሚል ውሳኔ። እኛ ጋ ፕላስቲኩን ገና አላገኘንም፣ መድኃኒቶቹን ግን በአንድ ሳጥን አድርገን አልጋው ራስጌ አስቀምጠናል፣ በየፈረቃው ተቆጥሮ ይፈረማል። ይሄ ጥናቱ አይደለም፣ ግማሹ ነው፣ ለሠራተኞቼም እንደዚያው ነው የነገርኳቸው። ለፕላስቲኩ እየጠየቅኩ ነው።

እህቴ፣ ለኃላፊሽ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪው። ምን ያህል ያስወጣል (መጋረጃና አንድ ወንበር ብቻ ከሆነ እንዲያ በይ)፣ ችግር ሲፈጠር ማን ይጠየቃል፣ ምን ካየን እናቆማለን። ሦስተኛውን ካየሁ እኔ በበኩሌ እፈርማለሁ፣ ምክንያቱም ማቆም የሚቻል ነገር መጀመር አያስፈራም።


አዋላጅ_ከአራብሳ_ወዲያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰባት ሳምንት ጠፋሁ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ቆጠርኩ። ሁለቱ አልጋዎች በአንድ ጊዜ የተያዙት በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ነው። እኔ ራሴ በየቀኑ ይመስለኝ ነበር። ክትትል የሚመጡትንም ጠየቅን፣ «እናት ነኝ» ትክክል ነሽ፣ ባል የመረጡ ጥቂት ናቸው፣ እናት፣ እህት፣ አንዷ ደግሞ ጎረቤቷን። ሰው እንዲገባ የማትፈልግም ነበረች፣ ያንንም ካርዷ ላይ ጻፍንላት።

ሲኒየሯን ቡና ላይ አናገርኳት። ሜትረን፣ እንዳሉኝ ዝም ብዬ ሰማኋት። ከዓመታት በፊት ሌላ ቤት ስትሠራ ሕፃኑ ሲሞት አስታማሚው እጇን ጠምዝዟት ያውቃል፣ አንድም ሰው አልቆመላትም። ይህን ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ጥናት ይዤ ልከራከራት ነበር የሄድኩት። የ2019ኙን ግምገማ ስለ ገመና የሚለውን ቦታ አብረን አነበብን፣ ከዚያ አንድ ገጹን አብራኝ የጻፈችው እሷ ናት። አስታማሚዋ ምን ማድረግ እንደምትችል (ወገቧን ማሸት፣ ውሃ ማጠጣት፣ ደግፎ ማራመድ) እና ምን እንደማትችል የሚለው ሁሉ የእሷ ነው። «ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው በጥበቃ ይወጣል፣ ኃላፊውም በማግስቱ ራሱ ያነጋግረዋል» የሚለውን ጨመረች፣ ኃላፊያችን ፈረመበት።

በቀን ተረኛ፣ በአንድ አልጋ፣ ለአንድ ወር ብለን ጀመርን። መጋረጃውን የሰፋልን የአንዷ አዋላጅ ወንድም ነው። ሁሉም ጥሩ አልሆነም፣ አንዲት እህት ደም አይታ ወድቃ እኛው አነሳናት፣ አንዲት አማት ደግሞ ልጅቷን «ጩኸት ነውር ነው» እያሉ ሲያስጨንቋት በትህትና አስወጣናቸው። ከዚያ ወዲህ ማን እንዲገባላት እንደምትፈልግ ሴቷን ለብቻዋ ነው የምንጠይቃት፣ ቤተሰብ ፊት አይደለም። የመከታተያ ቅጹን ሙሉውን አልጀመርንም፣ «አጃቢ አላት?» የሚለውን መስመር ብቻ መዝገባችን ላይ በእጅ አሰመርን።

ወሩ አልቋል። ኃላፊያችን ራሱ «ሌሊቱስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰኞ እንጀምራለን።


የቀድሞ_ሜትረን

ጎሽ የኔ ልጅ። የሌሊቱ ጥበቃ ተነግሮታል?


አዋላጅ_ከአራብሳ_ወዲያ

አዎ፣ ሐምሌ ላይ የነበረው እሱው ነው። ወረቀቱን ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ለጠፍንለት፣ አንብቦ ሲጨርስ «የሚገቡት ሴትዮ የሚቀመጡበት አግዳሚ በረንዳው ላይ ላምጣ?» አለኝ። ውስጥ ወንበር አለ አልኩት።